የጋራ ኑሮ ልትጀምሩ ላሰባችሁ

የጋራ ኑሮ ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ይሠራል። ሰው ተሰባስቦ፣ ገንዘቡንና ጉልበቱን አዋህዶ፣ አንዱ ላንዱ እየደረሰ መኖር ይችላል። ስለተዋደደ ብቻ ግን አይሆንለትም። የጋራ የሚሆነው ነገር ምን እንደሆነ ቁርጥ ብሎ ይታወቅ። ሒሳቡ ለሁሉም ክፍት ይሁን። መግቢያም መውጫም በር ይኑረው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይህን የምጽፈው ለእህቴ ልጅና ለጓደኞቹ ነው፤ እንደነሱ ለሚያስቡም ሁሉ። ልጆቹ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ኤረር አካባቢ መሬት ተከራይተው፣ ፓፓያና ሎሚ እያለሙ፣ ከአንድ ማድቤት እየበሉ፣ በአንድ ካዝና ሊኖሩ አስበዋል። ድሬ ውስጥ ሰምቶ ያልሳቀባቸው ሰው ጥቂት ነው። "የደርግ ዘመን ናፈቃችሁ እንዴ?" ይሏቸዋል። እኔ ሐሳባቸውን እወደዋለሁ። እንዲሳካላቸው ከልቤ እፈልጋለሁ። ለብዙ ዓመት የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ እቁብም እጽፋለሁ። ሰው አብሮ ሲኖር የት ጋ እንደሚጠብቅ፣ የት ጋ እንደሚላላ ከደብተሩ ይታየኛል።

ከመሬት በፊት ስኳርና ዘይት

ሮበርት ኦወን የሚባል የጥጥ ፋብሪካ ባለጸጋ ነበር፤ የዌልስ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1825 አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ አንድ ሙሉ መንደር ገዛ። ቤቱም ማሳውም ዎርክሾፑም የተዘጋጀ ነበር። ኒው ሃርመኒ ይባላል። የፈለገ ሁሉ ይምጣ አለ። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 800 ሰው መጣ። ምሁሩም መጣ፣ ሕልም ያለውም መጣ፣ እንጀራ ፈላጊውም መጣ። በቂ ባለሙያ ግን አልነበረም። ደንብ ያወጣሉ፣ ያፈርሳሉ፣ ሌላ ያወጣሉ። በ1827 ነገሩ አበቃ። ኦወን ከሀብቱ አብዛኛውን እዚያ ጨረሰ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1844 እንግሊዝ፣ ሮችዴል የምትባል የሽመና ከተማ ውስጥ 28 ሰዎች ተሰባሰቡ። ብዙዎቹ የእጅ ሥራ ሰዎች ናቸው፤ ሸማኔዎችም ነበሩባቸው። ከመካከላቸው የኦወንን ትምህርት የተቀበሉ ነበሩ። ዓላማቸው ላይ "ራሱን የቻለ የጋራ መንደር እንመሠርታለን" የሚል ሐሳብ አለ። የጀመሩት ግን በትንሽ ሱቅ ነው። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ አጃ፣ ሻማ ነው የሸጡት። ዱቤ የለም። ትርፉ ለአባላቱ በገዙት ልክ ይከፈላል። ገንዘብህ ቢበዛም ቢያንስም ድምፅህ አንድ ነው። ያሰቡት መንደር ላይ አልደረሱም። የእነሱ ደንብ ግን ዓለምን ዞረ። እኛ ዘይትና ስኳር ለመግዛት የምንሰለፍበት የሸማቾች ማኅበር እንኳ የአሠራሩ ሥር እዚያ ነው።

ሕልሙ ያው አንድ ነው። አንዱ ሁሉንም በአንዴ ያዘ፣ ሌሎቹ በዱቄትና በቅቤ ጀመሩ።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ፣ የመሬቱን ኪራይ ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ እዚሁ ድሬ፣ ሁላችሁም በየቤታችሁ እያላችሁ፣ አስቤዛ አብራችሁ ግዙ። ሩዙን በኩንታል፣ ዘይቱን በጀሪካን፣ ሽንኩርቱን ከቀፊራ ገበያ በጆንያ። አንዱ ይግዛ፣ ሌላው ይመዝን፣ ሦስተኛው ይጻፍ። በየወሩ ተራችሁን ቀያይሩ። ቢያንስ ስድስት ወር በዚህ ቆዩ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማን በቀኑ እንደሚከፍል፣ ማን "ነገ" እንደሚል፣ ማን ስልኩን እንደሚያጠፋ ታያላችሁ። ስለ ፍትሕ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወራ የሚያድር ልጅ የሁለት ኪሎ ስኳር ሒሳብ ሲጠየቅ ሊቆጣ ይችላል። ዝም የምትለዋ ልጅ ደግሞ ሚዛኑን ስትይዝ ሁሉም ያምናታል። ኤረር ወርዳችሁ ከምታውቁት እዚህ ብታውቁት ይሻላል።

በጎርፉ ሰሞን ልብ አትመኩ

ድሬ ያደገ ሰውን አንድ ነገር ያታልለዋል። በአንድ ግቢ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ እየሰማን ነው ያደግነው። የሽመንደፈር ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛዋ ባንድ በር ይገቡ ነበር። በዒድ ከዚያ ቤት ይመጣል፣ በፋሲካ ከዚህ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ አብሮ መኖር ለኛ ምን ይከብደናል ብለን እናስባለን።

ሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞላ። ደቻቱን ለማያውቅ፣ ከተማውን ለሁለት የሚከፍል የአሸዋ ወንዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ያን ሌሊት ከላይ ከተራራው የወረደው ውሃ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ያየሁትን አልረሳም። ቤት የተረፈው ቤቱን ከፈተ። ድስቱ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይጣዳል። ልጅ የማን እንደሆነ ሳይለይ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ምንህ ነው፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ያለ አልነበረም። እናንተ የምታልሙትን ኑሮ በዓይኔ አይቻለሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ቀስ በቀስ ሁሉም ወደየበሩ ተመለሰ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። የሰው ልብ ለመከራ ቀን ይነሣል፣ ዓመቱን ሙሉ ግን ተነሥቶ አይቆይም። ዕቅዳችሁን የምታወጡት ለዚያ ሰሞን ሰው ከሆነ ይፈርሳል። ለተራው ማክሰኞ አውጡት። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ መብራት ሲጠፋ፣ አንዱ ከእርሻ ደክሞ ሲገባና የቆሸሸ ድስት ሲያገኝ ምን ይደረጋል? ደንባችሁ ይህን ከመለሰ ለመከራው ቀን አትስጉ። ያ ቀን ሰውን ራሱ ያነሣዋል።

የግቢው ቆጣሪ

ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው። በግቢያችን ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ይጠቀም ነበር። ቢሉ ሲመጣ ለስድስት ይካፈላል። እኩል ነው፣ ስለዚህ ፍትሐዊ ነው ተባለ። ግን አንዷ ጎረቤታችን ትልቅ ፍሪጅ አላት፤ በረዶና ቀዝቃዛ ውሃ ትሸጣለች። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፍሪጁ ቀን ከሌት ይሠራል። ሌላው ቤት ሁለት ቬንትሌተር አለ። ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት እማማ አሉ፤ ያላቸው አንድ አምፖልና አንድ ሬዲዮ ነው። እማማ በየወሩ የበረዶውን ይከፍላሉ። አንድ ቀንም አልተናገሩም። ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ባለፍሪጇም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ማንም አልነገራትም እንጂ። የሚያጉረመርመው ሌላው ነው፤ ያውም ከጀርባ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቡና ተፈላና ቁጭ አልን። እስክሪብቶ ያዝኩ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ነጥብ ሰጠን። አምፖል አንድ። ቴሌቪዥን ሁለት። ቬንትሌተር ሦስት። ፍሪጅ ስምንት፤ የሚሸጥበት ከሆነ አሥራ ሁለት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ትልቅ ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻ ጋጋሪዋ በጋገረችበት ቀን ልክ እንድታስመዘግብ ተስማማን። የመጣው ቢል ለጠቅላላው ነጥብ ይካፈላል፣ እያንዳንዱ ቤት በነጥቡ ያባዛል። ወረቀቱ ከቆጣሪው አጠገብ ተለጠፈ። ቆጣሪ ማንበብ በየወሩ በተራ ሆነ፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ማንበብ ቻሉ።

ጭቅጭቁ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ግን አጠረ። ነገር ሲነሣ ሁሉም ወደ ወረቀቱ ይሄዳል።

ከዚያ የሆነው ነው እስካሁን የሚገርመኝ። የእማማ ድርሻ በጣም ትንሽ መሆኑ በወረቀት ላይ ሲታይ፣ ባለፍሪጇ ራሷ "የእማማን እኔ ልያዘው" አለች። ሌላውም ቤት እኔም አለ። በመጨረሻ እማማ እንዳይከፍሉ በሁሉም ስምምነት ተጻፈ። በእኩል ስንካፈል በነበረበት ጊዜ ይህ አልታሰበም፤ ማን ማንን እንደሚሸከም አይታወቅም ነበርና።

ስለዚህ "እኛ መካከል ሒሳብ የለም" የሚል ሰው ሲመጣባችሁ በትሕትና እምቢ በሉት። የገባውም የወጣውም ይጻፍ። ደብተሩ ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ። ገንዘብ ያዥ አንድ፣ ጸሐፊ ሌላ፣ ተቆጣጣሪ ሦስተኛ ሰው ይሁን። ባንኩ ላይ ሁለት ፊርማ ይኑር። በእድር ይህን ሁሉ የምናደርገው ሰው ስለማንተማመን አይደለም። ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሌሊት በሰላም የምተኛው ተቆጣጣሪ ስላለብኝ ነው።

ማድቤቱ የማን ነው?

የጋራ ኑሮ ጀምረው ሴቶቹ ማድቤት፣ ወንዶቹ ስብሰባ የሚሆኑበትን ብዙ ሰምቻለሁ። ይህን ገና ሳትጀምሩ ቁረጡት።

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ትዊን ኦክስ የሚባል መንደር አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 ተመሠረተ፤ አሁንም አለ፤ ወደ 100 ሰው ይኖርበታል። መተዳደሪያቸው ሐማክ (በሁለት ዛፍ መካከል የሚታሰር የገመድ አልጋ) እና ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) መሥራት ነበር። የሁሉም ሰው ሥራ በሰዓት ይመዘገባል። ምግብ ማብሰል፣ ልጅ መያዝ፣ ሐማክ መሥራት፣ ሒሳብ መጻፍ፣ የአንዱ ሰዓት ከሌላው ሰዓት እኩል ነው። በሳምንት ወደ 42 ሰዓት ይጠበቅበታል። እኔ የምወደው የድስት አጣቢዋ ሰዓት ከአስተዳዳሪው ሰዓት ጋር አንድ መሆኑን ነው።

ከራሳችን አገርም ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ ያለው አውራ አምባ አለ። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት ተጀመረ። እዚያ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል። ሥራ በፆታ አይለይም። ለአረጋውያንና ለደካሞች ተለይቶ የሚሠራ ሥራ አላቸው፤ "ለወገን ደራሽ" ይሉታል። አገር ምድሩ "ሴት እንዴት ታርሳለች" በሚልበት ዘመን ነው ይህን የጀመሩት።

የእናንተ ማድቤት አንድ ተጨማሪ ነገር አለበት። ከመካከላችሁ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። የሥጋን ነገር ታውቃላችሁ፤ የአንዱን እርድ ሌላው አይበላም። በእድር ድግስ ላይ ድስቱን ለይተን እንጥዳለን፣ ማንም አይቀየምም። የእኔ ምክር፣ የጋራው ድስት ሥጋ አይግባበት። ሽሮ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ አትክልት። ጾሙም አብሮ ይያዛል፣ ወጪም ይቀንሳል። ሥጋ የፈለገ በራሱ ድስት፣ በራሱ ገንዘብ። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ የምግብ ተረኛው ክርስቲያን ይሁን፣ በገናና በፋሲካ ሙስሊም ይሁን። ይህን ደግሞ በቃል አትተዉት፤ ጻፉት።

ሁለት በር

እቁብ ላይ እጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ወንድሜ ቢሆንም ይጠራል። ይህ ደንብ ስንት እቁብ ከመበተን እንዳዳነ እኔ አውቃለሁ። እናንተም አዲስ ሰው ሲመጣ የሚያውቀው ሰው አብሮት ይምጣ፣ ለሙከራም ጊዜ ስጡት። ትዊን ኦክስ አባል መሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሦስት ሳምንት እንግዳ ሆኖ አብሮ ይሠራል፣ ከዚያ ነው የሚወሰነው። ኒው ሃርመኒ በሩን ለሁሉም ከፍቶ ነው የታመመው።

የመውጫው በር ከመግቢያውም ይበልጣል። ይህን ለሐረርጌ ልጅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በ1978 ዓ.ም. አካባቢ ገበሬው ከየቀዬው ተነሥቶ በመንደር ሲሰበሰብ፣ በወረቀት ላይ ጥሩ ነገር ነበር። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ውሃ ለሁሉም በቅርብ ይሆናል ነው የተባለው። ግን ማንም ልሂድ ብሎ አልሄደም። ማሳው ራቀው፣ ከብቱ ተቸገረ፣ ብዙ ሰውም ድንበር ተሻግሮ ሶማሊያ ተሰደደ። የአምራቾች ማኅበራቱም እንዲሁ ነበሩ፤ መልባ፣ ወልባ የምንላቸው። የካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ፣ በሳምንታት ውስጥ ገበሬው በሬውንና መሬቱን ተካፍሎ በየፊናው ሄደ። ሳይወድ የገባ ሰው በሩ ክፍት ሲሆን አያድርም። የጋራ ኑሮ አይሠራም የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ ይህን ነው የሚጠቅሱት። እኔ ደግሞ የማየው ማንም አለመጠየቁን ነው።

በደንባችሁ ላይ የመውጫውን አንቀጽ ከሁሉ አስቀድማችሁ ጻፉ። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። አባል ሲገባ ያመጣው ገንዘብ ይመዘገባል። ሲወጣ ያው ገንዘብ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከፋፍሎ ይመለስለታል። ቤት፣ ሞተር ፓምፕና መሣሪያ ግን አይቆራረስም፣ ለማኅበሩ ይቀራል። የዚያ ዓመት ምርት ላይ የሠራበት ድርሻ ምርቱ ሲሸጥ ይከፈለዋል። የሚወጣ ሰው ምክንያቱን እንዲናገር አይገደድም። ቡና ተፈልቶ ይሸኛል። ይህ ካለ፣ የሚቀረው ሰው ወዶ እንደቀረ ሁሉም ያውቃል።

ጎረቤት

አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። አውራ አምባዎች ከውስጥ አልፈረሱም። ያስቸገራቸው አካባቢው ነው። አምልኳቸውና ኑሯቸው ለጎረቤቱ እንግዳ ነበር፣ በደርግ መጨረሻ ዓመታትም እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደዋል። ሲመለሱ የጠበቃቸው መሬት ጥቂት ነበር። እናንተም ኤረር ስትወርዱ መጀመሪያ የአገሩን ሽማግሌዎች ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩ። ሶማልኛ የሚችለውን ልጅ አስቀድሙ። ውሃው የማን እንደሆነ፣ ግመሉ በየት እንደሚያልፍ፣ በደረቅ ወር ማን ቀድሞ እንደሚቀዳ ጠይቁ። ሰርግና ለቅሶ አትቅሩ። ሐረር ያሉት አፎቻዎች፣ እንደኛ እድር ያሉት ማኅበራት፣ ሰርጉንና ሐዘኑን አብረው ስለሚይዙት ነው ሰው የማይለያቸው።

ልጆች ሲያድጉ

እናንተ አሁን ወጣት ናችሁ፤ ይህ ሩቅ ይመስላችኋል። እስራኤል ውስጥ ኪቡትዝ የሚባሉ የጋራ መንደሮች አሉ፤ የመጀመሪያዋ ደጋኒያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው የተመሠረተችው። በብዙ ኪቡትዝ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው በልጆች ቤት ያድሩ ነበር። ሐሳቡ እኩልነት ነው። እናቶቹ ግን አልቻሉም፣ ልጆቹም አደጉና ለእኛ ልጆች አይሆንም አሉ። አንድ በአንድ ቀርቶ ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ቤት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ኪቡትዞቹ በዕዳ ተያዙ። ደጋኒያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሰው እንደየሥራው ደመወዝ መክፈልን መረጠች።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "አየሽ፣ ከሸፈ" ይለኛል። አልከሸፈም። ከ250 በላይ ኪቡትዞች ዛሬም አሉ። ደንባቸውን የቀየሩት እዚያው የሚኖሩት ሰዎች ናቸው፤ ድምፅ ሰጥተው ነው የቀየሩት። መሥራቾቹ የወደዱት ሁሉ አልቀጠለም፣ ሰዎቹ ግን አብረው ናቸው።

ስለዚህ ደንባችሁ ውስጥ ሁለት ነገር ይግባ። አንደኛ፣ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሑድ ደንቡ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ከሦስት ሁለት እጅ ከተስማማ ማንኛውም አንቀጽ ይቀየር፣ የመውጫው አንቀጽ ብቻ ሲቀር። ሁለተኛ፣ እዚያ የተወለደ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው በራሱ አባል አይሆንም። ይጠየቅ። መቅረት ከፈለገ እንደማንኛውም ሰው የሙከራ ጊዜውን ያሳልፍ። መሄድ ከፈለገ ለትምህርት ወይም ለሥራ መነሻ የሚሆነው ገንዘብ ይሰጠው፤ ለዚህም ልጁ ከተወለደበት ወር ጀምሮ በየወሩ ትንሽ ትንሽ በስሙ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ልጅ እስኪወለድ አትጠብቁ። የሒሳብ መዝገቡን ስትከፍቱ ለዚህ የሚሆነውን አምድ አሁኑኑ አስምሩ።